ስለ ሥዕል ተማሪዎች ትርኢትና ስለ ጉባኤው

አንባቢዎች ሆይ፤ በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ስለ ሥዕል ትምህርት ቤት ሊጽፍ ሲነሣ፥ ያልጠመደውን በሬ ሊፈታ የመጣ ይመስላል። ዳሩ ግን ነገሩ ከቤቴ ደጃፍ ድረስ ስለ መጣ ዝም ማለት አልተቻለኝም። ባለፈው ክረምት በነገሌ ቦረና ከተማ ከእኔ ዘንድ ፊደል የቈጠረ አንድ ጐልማሳ ከአዲስ አበባ መጣ። በሥዕል ትምህርት የመጀመሪያውን ማዕርግ ፈጽሞ አሁን ለሁለተኛው የሚተጋ ተማሪ ነው። ቡና ቀርቦ ስንጫወት ሳለን ከቦርሳው አንዲት ወረቀት አውጥቶ ሰጠኝ። ወረቀቲቱ ለከፍተኛ ተማሪዎች የወጣች ማስታወቂያ ነበረች፤ በሦስት ክፍልም ተከፍላ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል የሥዕል ትርኢቶች ቀን፥ በሁለተኛው ከአገር ውስጥና ከውጭ የሚመጡ ባለሙያዎች የሚያደርጉት ንግግር፥ በሦስተኛውም ባሕር ማዶ ተሻግሮ ለመማርና ለመሥራት የሚያስችሉ ዕድሎች ተዘርዝረዋል። «የኔታ፥ ከእነዚህ ከሦስቱ ለሠዓሊ የሚበልጠው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ያን ቀን የሰጠሁት መልስ አጭርና ያልበሰለ ነበረ። ስለዚህ ቈይቼ የደረስሁበትን በዚህ ገጽ ለመጻፍ ወደድሁ። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እናገራለሁ።

በአገራችን የሥዕል ትምህርት ቤት ነገር በተነሣ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠራው ስም የአለ ፈለገ ሰላም ኅሩይ ነው። እርሳቸው ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ወገን ተወልደው፥ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የሥዕልን ትምህርት ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1957ም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን መሠረቱ። ያ ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም አለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ይባላል። መሥራቹም ብዙ ደቀ መዛሙርት ካፈሩ በኋላ በ2016 ዐረፉ። ዛሬ በዚያ ቤት ከመጀመሪያው ማዕርግ በላይ የሁለተኛውም ማዕርግ ትምህርት ይሰጣል። ይህ ለአገር ክብር ነው። ነገር ግን ክብር ሲጨምር ጥያቄም ይጨምራል፤ ይኸውም የበሰለው ተማሪ ሥራውን ለማን ያሳያል፥ ማንስ ይፈርድለታል የሚለው ነው።

ከትርኢቱ እንጀምር። ለነጋዴ ትርኢት ማለት ዕቃውን ለገዢ መዘርጋት ነው። ለከፍተኛ ተማሪ ግን ትርኢት ፈተና ነው እንጂ ገበያ አይደለም። በቅኔ ቤት ያለውን ሥርዓት ላስታውሳችሁ። ተማሪው ቀን በየዱሩና በየጥላው ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል። ያን ጊዜ ሐሳቡን የሚያውቅበት የለም፤ ነጻ ነው። ሲመሽ ግን ወደ ጉባኤው ይመጣና ቅኔውን ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል። ቃሉ ቢሰበር፥ ሰሙ ከወርቁ ባይገጥም፥ ፀያፍ ቢገኝበት፥ በዚያው በባልንጀሮቹ ፊት ይታረማል። ከጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ድረስ ማንም ሳይታረም ያለፈ የለም። መታረም ነውር አልነበረም፤ ነውሩ ሳይነግሩ መቅረት ነበረ። ስለዚህ ቅኔ ሁለት ቤት አላት እላለሁ፤ አንደኛው የብቸኝነት ቤት፥ ሁለተኛውም የጉባኤ ቤት ነው። የሥዕል ተማሪው ክፍል የመጀመሪያው ቤት ነው፤ ትርኢቱ ሁለተኛው ቤት ሊሆን ይገባው ነበር።

ትርኢት በእውነት ጉባኤ በሆነ ጊዜ ምን እንደሚያፈራ ከገብረ ክርስቶስ ደስታ ሕይወት እንመልከት። እርሳቸው በ1932 በሐረር ተወለዱ፤ አባታቸውም የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ። በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተማሩ። በ1963 «ጎልጎታ» የተባለውን ሥዕል ሠሩ። የሥዕላቸው መንገድ ረቂቅ ስለ ነበረ ከባድ ክርክር አስነሣ። አንዳንዱ የባዕድ አገር ነገር ነው አለ፤ አንዳንዱም ሥዕል የታወቀውን ነገር ካልመሰለ ምን ይረባል ብሎ ጠየቀ። እኔ ግን እንደ ቅኔ ተማሪ ሳየው፥ በዚያ በቀዩ ቀለም ውስጥ የማውቀውን መንገድ አገኛለሁ። ቀለሙ ሰም ነው፤ ሕማሙ ወርቅ ነው። የፊትን መልክ አጥርቶ መሣል ሰሙን ያበዛዋል እንጂ ወርቁን አያወጣውም። እነዚያ ተከራካሪዎች ቢሳሳቱም እንኳ ለሠዓሊው አንድ ውለታ ውለውለታል፤ ዝም አላሉትምና። ገብረ ክርስቶስ በመንገዳቸው ጸኑ፤ በ1965ም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ተቀበሉ። በ1981 በአሜሪካ አገር በስደት ሞቱ። በ2008 በአዲስ አበባ በስማቸው የዘመናዊ ሥዕል ሙዚየም ተከፈተላቸው። ክርክሩ ሥራቸውን አልገደለውም፤ እንዲያውም ሰው ሁሉ እንዲያየው አደረገ።

ዛሬ ግን በብዙ የተማሪዎች ትርኢት ላይ የማየው ሌላ ነው። ወደ አዲስ አበባ በወጣሁ ቍጥር በር ከተከፈተልኝ ሁሉ እገባለሁ። በግድግዳው ላይ ሥራው ይሰቀላል፤ ከጎኑም ጽሑፍ ይለጠፋል። ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ይልቅ የሚከብድ ነው። ከባዕድ ቋንቋ የተወሰዱ ቃላት ተደርድረውበት፥ ተመልካቹ ሥዕሉን ማየት ትቶ ጽሑፉን ሊፈታ ይደክማል። ፈትቶም ሲጨርስ በሥዕሉ ላይ የቀረለት ነገር ያለ አይመስለውም። በመክፈቻው ቀን ወዳጆች ይመጣሉ፥ ይተቃቀፋሉ፥ ፎቶግራፍ ይነሣሉ። በሁለተኛው ቀን አዳራሹ ጭር ይላል። ፈታኞች መርምረው ውጤት ይሰጣሉ፤ ፍርዳቸው ግን በደብተር ውስጥ ይቀራል እንጂ ለሕዝብ አይነገርም። ተማሪው «እንኳን ደስ ያለህ» የሚል ቃል ብዙ ይሰማል፤ «እዚህ ላይ ተሳስተሃል» የሚለውን ግን ከማን ይስማ?

ሁለተኛው ክፍል ንግግሩ ነው። ንግግር በትክክል ቢያዝ ይህን ጕድለት የሚሞላ እርሱ ነበር። በ2016 በአዲስ አበባ የተወለደችውና በአሜሪካ ያደገችው ዝነኛ ሠዓሊ ጁሊ ምሕረቱ ሥራዋን በገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም ባሳየች ጊዜ፥ የአገራችን ወጣቶች በስምና በመጽሐፍ ብቻ ያውቁት የነበረውን ሥራ በዓይናቸው አዩ። እንዲህ ያለ ነገር ታላቅ በረከት ነው። ነገር ግን ብዙዎቹ ንግግሮች እንደ ስብከት ናቸው፤ አንዱ ይናገራል፥ ሌላው ያዳምጣል። በመጨረሻ ላይ ለጥያቄ የሚቀረው ጊዜ ከሻይ መጠጫው ያነሰ ነው። በቅኔ ቤት አስነጋሪው የሚናገር ሰው አልነበረም፤ የሚሰማ ሰው ነበረ። የእርሱ ሞያ የተማሪውን ቃል እስከ ፍጻሜው ሰምቶ ስንጥቁን ማግኘት ነው። ለሥዕል ተማሪዎች የጐደላቸው ተናጋሪ አይመስለኝም፤ አስነጋሪ ነው።

ይህ የጉባኤ ልማድ የደገኛው የቅኔ ቤት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር፥ ወደ እኛ ወደ ቈላው ይምጣ። የቦረና ሕዝብ በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በሚባለው ታላቅ ጉባኤ ይሰበሰባል። በዚያም ሕጉ ይነገራል፥ ይመረመራል፥ ይታደሳል። በሥልጣን ያለውም ሰው ቢያጠፋ ከጉባኤው ፍርድ አያመልጥም። ያ ሥርዓት የሚገኝበት ገዳ በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል። እንግዲህ በዋሸራና በዋድላ ያለው የቅኔ ተማሪ፥ በጋዮም ያለው ሽማግሌ፥ በቋንቋ ባይግባቡ እንኳ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ በሰው ፊት ያልተመረመረ ነገር አልጸናም ይላሉ።

ሦስተኛው ክፍል ዕድሉ ነው። በዚህ ላይ ልጆቻችን ባሕር ማዶ አይሂዱ ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የቅኔ ተማሪ በአንድ መምህር ብቻ አይበቃም፤ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ፥ ከዋሸራ ወደ ዋድላ ዱላውንና አኩፋዳውን ይዞ ይዞራል። ያልዞረ ተማሪ የአንድ ቤት ጣዕም ብቻ ያውቃል። እስክንድር ቦጎሲያን በ1955 ለትምህርት ወደ እንግሊዝ አገር ተልከው፥ ከዚያም በፓሪስ ኖረው በ1966 ተመለሱና በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ አስተማሩ። በሥራቸው ውስጥ የብራናና የጠልሰም መልክ ሲመላለስ ስናይ፥ ርቀው መሄዳቸው የቤታቸውን ነገር አላስረሳቸውም እንላለን። በዘመናችንም ተስፋዬ ኡርጌሳ በአለ ትምህርት ቤት በታደሰ መስፍን እጅ ተምረው በ2006 ጨረሱ፤ ከዚያ በጀርመን በሽቱትጋርት ተማሩ፤ በ2022ም ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። በ2024 ኢትዮጵያ በቬኒስ ቢየናሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ቤት በከፈተች ጊዜ ሥራቸው በዚያ ቤት ታየ። እነዚህ ሁሉ ዕድል ክፉ እንዳልሆነ ምስክሮች ናቸው።

የምነቅፈው ዕድሉን ሳይሆን አቅጣጫውን ነው። በዚያች ወረቀት የተጻፉት ዕድሎች ሁሉ ወደ ውጭ የሚያሻግሩ ነበሩ። ወደ ያቤሎ፥ ወደ ሜጋ፥ ወደ ሞያሌ፥ ወደ ፊልቱ ወይም ወደ ዶሎ ኦዶ ሄዶ ለመሥራት የሚጋብዝ አንድ መስመር እንኳ አላገኘሁም። ነገሌ ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ከበርሊን ግን አትርቅም። ወደ አገር ውስጥ መመልከት ዋጋ እንዳለው ኤልያስ ስሜ ያስተምሩናል። እርሳቸው በ1990 ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ወጡ፤ ከመስከረም አሰግድ ጋራ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍል እየዞሩ የሕዝቡን የቤት አሠራርና ልማድ መረመሩ። በ2019 በአዲስ አበባ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም በጭቃና በጭድ መሠራቱ ከዚህ ምርምር የተገኘ ፍሬ ነው። ኤልያስ በውጭ አገር የከበሩት ከአገራቸው ዕውቀት ርቀው አይደለም።

አሁን ወደ ደቀ መዝሙሬ ልመለስ። ወደ ነገሌ ሲመጣ ለማዕርጉ ካዘጋጃቸው ሥዕሎች ስድስቱን ጠቅልሎ ይዞ ነበር። በዋናው ከተማ በአንድ አዳራሽ አሳይቷቸው ብዙ ምስጋና አግኝቶባቸዋል፤ የአዳራሹን ስም መጥቀስ አያስፈልገኝም። ከውጭ አገርም በእነዚሁ ሥዕሎች ምክንያት ጥሪ መጥቶለታል። በቤቴ ወለል ላይ ዘርግቶ ሲያሳየኝ እኔም አመሰገንሁ። በተለይ ሁለቱ ደስ አሰኙኝ። አንደኛው ቱላ የሚባሉትን የቦረና ጥልቅ ጕድጓዶች የሚያሳይ ነው፤ ጕልማሶች በመሰላል ላይ ተደራርበው ቆመው የውኃውን ዕቃ እጅ ለእጅ ወደ ላይ ያቀባብላሉ። ሁለተኛው አንድ ትልቅ የወተት ዕቃ ነው። እናቶች ከዕፀዋት ሥር ቃጫ የሚሠሩትን ጎርፋ ከሰው ቁመት አስበልጦ፥ በሰማያዊ ቀለም፥ አፉን ወደ ተመልካቹ አዘንብሎ ሥሎታል። ውስጡ እንደ ጧት ብርሃን ነጭ ነበረ። «ይህ ነጭ የእናትነት ንጽሕና ነው» አለኝ። መልካም ወርቅ ነው አልሁት።

ያን ጊዜ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝና «እናትህ አይታዋለች?» ብዬ ጠየቅሁት። «እናቴ የሥዕል ትርኢት አይታ አታውቅም፥ የኔታ» አለኝ። በእነዚህ ከተሞች ብዙ ዓመት ስቀመጥ ለሥዕል ተብሎ የተሠራ አዳራሽ እኔም አላየሁም። ስለዚህ በአንድ ትምህርት ቤት የመማሪያ ክፍል ለምነን ገመድ ዘረጋን፤ ስድስቱንም ሥዕሎች በልብስ ማስጫ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው። በገበያ ቀን ስለ ነበረ ሰው አልጠፋም። ቦረናውም፥ ጉጂውም፥ ሶማሌውም፥ ከደገኛው የመጣው ነጋዴም ገባ። በግድግዳው ላይ ምንም ጽሑፍ አልለጠፍንም።

በመጀመሪያ የተናገሩ ከዱብሉቅ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። የጕድጓዱን ሥዕል ረጅም ጊዜ ሲያዩ ቈዩና «እነዚህ ሰዎች ታመዋልን?» ብለው ጠየቁ። ደቀ መዝሙሬ ደነገጠ። ሽማግሌውም «አፋቸው ተዘግቷል። ቱላ ያለ ዜማ ውኃ አይሰጥም። ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ የሚሄደው በዜማው ምት ነው፤ ዝም ቢሉ ይወድቅባቸዋል፥ ከታች ያለውንም ሰው ይጐዳል» አሉ። ልጁ ሰዎቹን ለብርታታቸው ጥርሳቸውን አስነክሶ ሥሏቸው ነበር። ብርታት ማለት ጥርስ መንከስ መሆኑን የተማረው ከከተማ ነው እንጂ ከጕድጓዱ አይደለም።

ቀጥሎ እናቱ መጡ። ጎርፋውን ባዩ ጊዜ በትልቅነቱ አልተገረሙም፤ ሰማያዊ መሆኑንም አልነቀፉም። ቀርበው ወደ ውስጡ ተመለከቱና በራሳቸው ቋንቋ አንድ ቃል ተናገሩ። ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። «ምን አሉ?» ብለው «ይህ ዕቃ አልታጠነም፤ ወተት ቢፈስበት ይበላሻል። የማን ቤት ዕቃ ነው? አለችኝ» ብሎ ነገረኝ።

አንባቢዎች ሆይ፤ በቈላው አገር የወተት ዕቃ በሚጤስ መልካም እንጨት ይታጠናል። ጢሱ ዕቃውን ያነጻል፥ ወተቱን ከመበላሸት ይጠብቃል፥ ጣዕምም ይሰጠዋል። ስለዚህ በእውነት የነጻ ጎርፋ ውስጡ ጥቁር ነው። ነጭ የሆነው ያልተጠነቀቁለት ነው። እንግዲህ ልጁ ስለ እናትነት ንጽሕና ሊናገር ፈልጎ፥ ለሚያውቁት ሁሉ የቸልተኛ ቤት ዕቃ ሥሎ ተገኘ። በቅኔ ቤት ይህ ፀያፍ ይባላል። ወርቁ መልካም ነበረ፤ ሰሙ ግን አልተመረመረም፤ ሰሙ ሲሰበር ወርቁም ፈሰሰ። ይህን ያላወቁት የዋናው ከተማ አመስጋኞች ብቻ አይደሉም። እኔ ራሴ ብዙ ዓመት ከታጠነ ዕቃ ወተት እየጠጣሁ፥ «መልካም ወርቅ ነው» ብዬ ማጽደቄን እዚህ ላይ እናዘዛለሁ።

አንዳንድ ሰው ምናልባት እንዲህ ይላል፤ «ሠዓሊ ለባላገር ፍርድ ቢገዛ ነጻነቱን ያጣል፤ ሕዝብ የሚፈልገው የሚመስለውን ብቻ ነው፤ ገብረ ክርስቶስንም የነቀፈ ይኸው ፍርድ ነው።» ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እኒያ እናት ያደረጉትን አስተውሉ። ጎርፋ ሰማያዊ አይሆንም አላሉም፤ ከሰው ቁመት አይበልጥም አላሉም። የሠዓሊውን ሕልም ለሠዓሊው ተዉለት። የነኩት በሕልሙና በዕውቀቱ መካከል ያለውን ስንጥቅ ብቻ ነው። ጉባኤ መንገድ አይመርጥልንም፤ በመረጥነው መንገድ ላይ ያለውን ጕድጓድ ያሳየናል እንጂ። በሽማግሌውና በእናቱ ፊት የቆመው ልጅ ነጻነቱን አላጣም፤ ጥቁር ቀለም አገኘ። በዚያ ጥቁር ውስጥ ንጽሕናን ማሳየት ደግሞ በነጭ ከማሳየት ይልቅ የጠለቀ ቅኔ ነው፤ ይህንም ከእኛ ከመምህራኑ ማንም አልሰጠውም።

ስለዚህ ለሥዕል ትምህርት ቤቶችና ለሚያግዟቸው ሁሉ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ለሁለተኛው ማዕርግ የሚደርስ ተማሪ ሥራውን በፈታኞች ፊት ከማቅረቡ በፊት፥ የሥራው ነገር በተገኘበት አገር ለአንድ ቀን ያሳይ። የጕድጓድ ሥዕል በጕድጓዱ አጠገብ፥ የገበያ ሥዕል በገበያው፥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕልም በደጀ ሰላሙ ይታይ። ግድግዳ ባይኖር ገመድ ይበቃል። ከሰዎቹ የሰማውን እርማት ጽፎ ከመመረቂያ ጽሑፉ ጋራ ያያይዝ፤ የተቀበለውንና ያልተቀበለውን ከነምክንያቱ ይግለጥ። ፈታኞችም ስለ ቀለሙና ስለ መስመሩ ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ቀን ይጠይቁት። የሚያስፈልገው ወጪ የአውቶቡስ ዋጋና የጥቂት ቀን ስንቅ ነው። ለባሕር ማዶ ጕዞ ገንዘብ የሚሰጡ ማኅበሮች ለዚህ የሚሆነውን ከትርፋቸው አያጡም። እኛም በየቈላው ከተማ ያለን ሰዎች፥ መምህራንና ካህናት፥ የከተማ አስተዳዳሪዎችና ነጋዴዎች፥ ለአንድ ቀን አንድ ክፍል ከመክፈት አንስነፍ። ልጆቻችን ወደ እኛ አይመለሱም ብለን የምናዝን፥ ሲመለሱ የሚሰቅሉበት ምስማር ስንኳ አላዘጋጀንላቸውም።

ደቀ መዝሙሬ ከሦስቱ የሚበልጠው የትኛው ነው ብሎ ለጠየቀኝ መልሴ ይህ ነው። ትርኢቱም፥ ንግግሩም፥ ዕድሉም መልካሞች ናቸው፤ ነገር ግን በወረቀቲቱ ያልተጻፈው አራተኛው ይበልጣል፤ እርሱም ጉባኤ ነው። ትርኢት ጉባኤ ከሌለው ገበያ ይሆናል፤ ንግግር ጉባኤ ከሌለው ውዳሴ ይሆናል፤ ዕድልም ጉባኤ ከሌለው ስደት ይሆናል።

ልጁ ሥዕሎቹን ጠቅልሎ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሱ በፊት ወደ ባሕር ማዶ ለጠሩት ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ። ጥሪውን አልተወም፤ ሁለቱን ሥዕሎች እንደገና እስኪሠራ ድረስ ጥቂት ወራት እንዲጠብቁት ለመነ። መልሱ እስካሁን አልመጣለትም። ባይጠብቁት ዕድሉ ሊያመልጠው እንደሚችል ያውቃል። በተሳፈረበት ማለዳ በጕልበቱ ላይ ያስቀመጠው ግን ደብዳቤውን አይደለም፤ እናቱ ከቤት አውጥተው የሰጡትን፥ ውስጡ ጥቁር የሆነውን ትንሹን ጎርፋ ነው።